ባሕር ላይ «በሞቴ» የሚል ጠፋ

ዝም ልል ነበር ሐሳቤ። ግን እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ፓርኪንጉ ላይ ያገኘኝ ሁሉ «ጋሼ፣ የመርከብ ክሩዙ እንዴት ነው? ምግቡ ያዋጣል?» እያለ ክንዴን ይይዘኛል። ለአንዱ መልሼ ሳልጨርስ ሌላው ይመጣል። ምላሴ ዛለ። ስለዚህ ልጻፈውና አንብቡት፤ ሁለተኛ እንዳትጠይቁኝ። ጽሕፈቴን እንደሆነ ታውቁታላችሁ፤ ከቄስ ትምህርት ቤት የወጣሁት ዳዊት ሳልደግም ነው። የተጣመመውን እያቃናችሁ አንብቡ።

መጀመሪያ ጥፋተኛውን ልንገራችሁ። አለማየሁ ነው። እዚህ አሜሪካ፣ ፋርመርስ ብራንች አንድ አፓርታማ ውስጥ ነው የምንኖረው፤ እሱ ላይ፣ እኔ ታች። አምና ልጆቹ መርከብ ላይ አሳፈሩትና ሆዱን ተሸክሞ ተመለሰ። ደረጃ ሲወርድ ሆዱ ቀድሞት ይደርሳል። «ወንድሜ፣ እንደ ንጉሥ ነው የበላሁት» ይላል። «ጠዋት ምግብ፣ ቀን ምግብ፣ ወደ ምግቡ ስትሄድ መንገድ ላይ ምግብ!» ሩቅ ደርሶ የመጣ ሰው ቢዋሽ ማን ይመሰክርበታል? ዓሣው?

ይህን ሁሉ ሲያወራ ሚስቴ እታገኝ ትሰማለች። ዝም ብላ ነው የምትሰማው። የእታገኝን ዝምታ የማያውቅ ሰው የተስማማች ይመስለዋል፤ እኔ ግን አውቀዋለሁ፤ የሆነ ነገር እያበሰለች ነው።

እታገኝ ፕሌኖ ውስጥ አንድ የአዛውንት መጦሪያ ነበር የምትሠራው። ሥራዋ ማብላት ነው። አልበላም ያለ ሽማግሌ፣ ማንኪያ የወረወረች አሮጊት ሲኖር ከሌላው ፎቅ ድረስ «እታገኝን ጥሯት» ይባላል። እንዴት አድርጋ እንደምታበላቸው አንድ ቀን ልወስዳት ሄጄ በር ላይ ቆሜ አየሁ። አንዲት አጥንቷ ብቻ የቀረ ነጭ አሮጊት አፏን ገጥማለች። እታገኝ ማንኪያውን ይዛ «ፕሊስ ማማ፣ ፎር ሚ» ትላለች። አሮጊቷ ፊቷን አዞረች። እታገኝ ወንበሯን አንስታ በዚያ በኩል ዞረች። «ፎር ሚ፣ ማማ። አንድ ብቻ።» አሮጊቷ ወደዚህ ዞረች፤ እታገኝም ወደዚህ። መጨረሻ ላይ አሮጊቷ ሳቀችና አፏን ከፈተች። በቃ፣ ሙያዋ ይኸው ነው። የኛን «በሞቴ» ወደ እንግሊዝኛ መልሳ ደመወዝ በላችበት።

ጡረታ የወጣች ዕለት የሥራ ባልደረቦቿ ኬክ አመጡላት። ራሷ ቆረሰች፣ ራሷ አደለች፣ ለራሷ ሳይተርፍ ቀረ። ባዶ ካርቶኑን ይዛ ቤት መጣች፤ ለምን እንደያዘችው አልጠየቅኳትም። ልጃችን ሜሮን ማኪኒ ነው ቤት የገዛችው፤ ይህን ስትሰማ ስታለቅስ መጣች።

«እማዬ፣ ምን ጊፍት ላድርግልሽ?»

እታገኝ ብዙ አሰበች። «ቁጭ ብዬ ሰው ቀርቦ እንዲያበላኝ ነው የምፈልገው» አለች። «እኔ ሳልነሳ።»

ይህን ቃል ያዙልኝ። የጣጣው ሁሉ መነሻ እሱ ነው። ሰው ድንጋይ ነው ይለኛል፤ ይበል። ግን ያቺን ነገር እንድታገኝ እኔም ፈልጌ ነበር።

ሜሮን ስልኳን ነካካችና መርከብ አገኘች። «አባዬ፣ በጣም ቺፕ ነው። ምግቡ ደግሞ ኢንክሉድድ ነው፤ ማለቴ፣ ሁሉም ውስጡ አለ።»

«ሁሉም?»

«የሚበላው ሁሉ።»

«ታዲያ ምን ጎድሎት ነው የረከሰው?»

«አባዬ ደግሞ!»

«ርካሽ በቅሎ ወይ ትራገጣለች ወይ ታነክሳለች። ተናግሬያለሁ።»

ማን ሰማኝ። እኔም አፌን ዘግቼ ሻንጣው ጥግ ዳቦ ቆሎ ሸጎጥኩ። ሰው መርከብ ላይ ከመስጠም የሚያድን ልብስ ይይዛል፤ እኔ ዳቦ ቆሎ ያዝኩ። ኋላ የጠቀመን የትኛው እንደሆነ ታያላችሁ።

ካምሪዬን እስከ ጋልቬስተን ነድቼ ወደቡ አጠገብ ፓርክ አደረግኩ። ፓርኪንግ ካነሳን አይቀር፣ እኔ ጡረታ እስክወጣ ድረስ ኤርፖርት ፓርኪንግ ውስጥ፣ ያቺ የመስታወት ሳጥን ውስጥ ተቀምጬ ገንዘብ እቀበል ነበር። ቲኬት የጠፋበት ሰው የሙሉ ቀን ይከፍላል፤ ሕጉ ነው። ያለቀሰብኝ አለ፣ የሰደበኝ አለ፣ ሕፃን አቅፎ ያሳየኝ አለ። አንዱንም አልማርኩም። «ሎስት ቲኬት፣ ፉል ዴይ። ሃቭ ኤ ናይስ ዴይ።» እንግሊዝኛዬ ከዚያ ብዙ አይሻገርም፤ ያቺን ግን ጠንቅቄ አውቃታለሁ።

መርከቡ ከውጭ ሲያዩት ተራራ ነው፤ ሲገቡበት የጉንዳን ቤት። በር ላይ ለእያንዳንዳችን ካርድ ሰጡን። ልጅቷ ካርዱ ቁልፍም መታወቂያም ነው አለች። ሌላም ነገር ጨመረች፤ እሱን አልሰማኋትም። ክፍላችን መስኮት የለውም፤ መስኮት በሚሆንበት ቦታ የባሕር ሥዕል ሰቅለዋል። ባሕር ላይ ሆኜ ባሕርን በሥዕል አየሁ! መታጠቢያ ቤቱ ደግሞ ሰው ገብቶ ሐሳቡን ቢቀይር መዞሪያ የለውም። አልጋው ላይ ፎጣ ጠቅልለው ዝንጀሮ አስመስለው አስቀምጠዋል። እታገኝ ደንግጣ አማተበች። የሚገርመው፣ ከዚያ ቀን በኋላ ዝንጀሮውም ቀረ፣ ፎጣውም በልመና ሆነ።

ቡፌ ሄድን። ሰልፉ ከዚህ እስከዚያ ነው። እኔ ደግሞ ለእህል አልሰለፍም። በደርግ ጊዜ ቀበሌ ሱቅ በር ላይ ለስኳርና ለዘይት የቆምኩት ለዕድሜዬ ይበቃኛል፤ ያኔውኑ ምያለሁ። ልጄ ከፍላልኝ ስገባ ቁምጣ ከለበሰ ሰው ኋላ ሳህን ታቅፌ ልቆም? አላደርገውም። ሄጄ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። እታገኝ ተሰለፈች፤ የኔንም ልታመጣ። «እኔ ሳልነሳ» ያለችው ይኸውላችሁ።

ሰልፉ ላይስ ብትቆም ደግ። ልጅ የያዘች ሴት መጣች፤ እታገኝ «ቅደሚ» አለቻት። ምርኩዝ የያዘ ሽማግሌ መጣ፤ አሳለፈችው። በዕድሜ ከኔ ያንሳል፤ ደግሞ ምርኩዙን ብብቱ ሥር ወትፎ እየሮጠ ነው የደረሰው። እሷ ተራዋ ሲደርስ ሰዎቹ ድስቱን መክደን ጀምረዋል። ሩዝ፣ ቋሊማና እንቁላል ይዛ መጣች። እንቁላሉን በሹካ ብነካው ተመልሶ ተነሳ። ስፖንጅ ነው! በሱ ካምሪዬን ባጥብበት ያጸዳ ነበር።

«ግድ የለም» አለች እታገኝ። «ማታ ነው ቁም ነገሩ። ማታ ቁጭ ብሎ ነው አለች ሜሮን።»

ማታ ጥሩ ቀሚሷን ለበሰች። ነጭ የጠረጴዛ ልብስ፣ ብርጭቆ፣ ሹካ በሹካ ላይ። ወንበሯን ራሷ ጎትታ ተቀመጠችና እጇን ጭኗ ላይ አጣጥፋ ጠበቀች። አስተናጋጁ የዳቦ ቅርጫት ይዞ እየበረረ መጣ። ሰውየው አይፈረድበትም፤ ሠራተኛ ቀንሰው የአዳራሹን ግማሽ ለሱ ብቻ ጥለውበታል፤ ላቡ ይንጠባጠባል።

«ብሬድ፣ ማም?»

«ኖ፣ ታንክዩ» አለች እታገኝ፤ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ አንገቷን ሰበር አድርጋ፣ ልክ በወጉ።

ቅርጫቱን ይዞ ሄደ። እታገኝ በዓይኗ ተከተለችው። ይመለሳል ብላ ነው።

እዚህ ለተወለዱት ልጆቻችሁ ካላስረዳችሁ እኔ ላስረዳ። እኛ ዘንድ የመጀመሪያው እንቢታ ሰላምታ ነው። ሁለተኛው አክብሮት ነው። ከዚያ ባለቤቱ «በሞቴ» ይላል፣ «አፈር ስሆን» ይላል፣ ይቆጣል፣ ሊያለቅስ ይደርሳል፤ ያኔ እንግዳው «እንግዲህ ካላችሁ» ብሎ እጁን ይሰዳል። ገና «ብላ» ሲሉት ዘሎ ሳህን ውስጥ የሚገባ ሰው ስሙ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ስሙ እኔ ነኝ። እኔ ይሉኝታ የሚባል አልፈጠረብኝም። እታገኝ ግን የጨዋ ልጅ ናት።

ሾርባ መጣ። «ኖ፣ ታንክዩ።» ሾርባው ሄደ። ሰላጣ መጣ። «ኖ፣ ኖ፣ ኢትስ ኦኬ።» ሰላጣው ሄደ። ዋናውን ምግብ ሳይጠይቅ አስቀመጠላት፤ የሕፃን መዳፍ የምታክል የዶሮ ሥጋ። ግማሹን በላች። ግማሹን ተወች፤ ሳህን መጥረግ ነውር ነዋ! ሰውየው ጨረሰች ብሎ ነጥቋት ሄደ። ለኬኩም «ኖ፣ ታንክዩ» አለች። እኔ የራሴን ጨርሼ የሷን ዳቦም አስመልሼ በላሁ።

እንዲህ ሆኖ እታገኝ ምግብ ከሞላበት መርከብ ላይ ተርባ ተነሳች። ክፍላችን ገብተን አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ዳቦ ቆሎ ትቆረጥማለች፤ ፊት ለፊቷ የባሕር ሥዕል።

«የስ በያቸው!» አልኳት። «አንዲት የስ ምን ታቃጥልሻለች?»

«ገና አንዴ ሲለኝ?»

«ይሄ ሰውዬ አንዴ ነው የሚለው። ከዚያ ይሄድልሻል።»

«መሄዱንማ አየሁት።»

«ይሄን ሁሉ ዘመን አሜሪካ ኖረሽ ይሄ ይጠፋሻል?»

«የኖርኩት ሳበላ ነው። ማን ጋብዞኝ ልወቀው?» አለችና ደግሞ ቆረጠመች። «ጾም እንኳ ቢሆን ሰበብ ይገኝ ነበር።»

በማግስቱ ላይኛው ፎቅ ላይ፣ ፀሐዩ ዘንድ ተቀምጠን ሳለ ዋያን መጣ። ዋያን ከኢንዶኔዥያ የመጣ ደቃቃ ሰው ነው፤ ስሙ ደረቱ ላይ ተጽፏል። ሥራው በትሪ መጠጥ ይዞ በወንበሮቹ መሀል መዞር ነው። የብርቱካን ቀለም ያለው፣ ከላዩ ትንሽ ጃንጥላ የተሰካበት መጠጥ ይዞ እታገኝ ፊት ቆመ።

«ፎር ዩ፣ ማማ።»

«ኖ፣ ታንክዩ።»

አልሄደም! ትሪውን በአንድ እጁ ይዞ ሌላውን ደረቱ ላይ አደረገ። «ማማ፣ ፕሊስ። ቬሪ ሆት።»

«ኖ፣ ኖ፣ ልጄ፣ ኢትስ ኦኬ።»

በርከክ አለ። ዓይን ለዓይን ሆኑ። እናቴን ትመስያለሽ አላት። «ማማ፣ ፎር ሚ» አለ።

ይህችን ቃል ከሌላ ሰው አፍ ስትሰማ የመጀመሪያዋ ሳይሆን አይቀርም። እታገኝ ቀና ብላ አየችው። ራሷን ነቅነቅ አደረገች፣ ገና ነው። ሰውየው ደገመ። ያኔ «እሺ እንግዲህ» አለችና ብርጭቆውን በሁለት እጇ ተቀበለች። ካርዷን ወስዶ አንዲት ዕቃ ላይ ነካ አደረገው፣ ወረቀት አስፈረማትና መለሰላት። እኔ ቁልፏን የሚያጸዳላት ነበር የመሰለኝ።

እኔንም አንዴ ጠየቀኝ። ስኳር አለብኝና አልፈልግም አልኩት። ፊቴን አየና ሁለተኛ አልሞከረም።

ከዚያ ወዲያማ እታገኝ ሌላ ሰው ሆነች። ዋያን ያመጣል፤ እሷ እንቢ ትላለች፤ እሱ ይለምናል፤ እሷ ትቀበላለች። ኬክ፣ ጭማቂ፣ የተቆራረጠ ማንጎ። እሷም ዳቦ ቆሎ ሰጠችው። አይሆንም አለ፤ ለመነችው። አሁንም አይሆንም አለ፤ «ፎር ሚ» አለችው። ተቀብሎ ዞር ብሎ ቆረጠመ። ያ ሁሉ ሰው ባለበት መርከብ ሁለት ሰው ብቻ ይለማመናል። ሌላው አንዴ ይጠየቃል፣ አንዴ ይመልሳል፣ ያልቃል። እኔም በልቤ «ይሁን፣ ለካ ርካሹም ቢሆን ሰው አለበት» አልኩ። ተሳስቻለሁ፤ ጠብቁኝ።

ዋያን ደግሞ ላይ ያለውን ሌላ ምግብ ቤት ነገራት። ትንሽ ነው፣ ሻማ አለው፣ ጸጥ ያለ ነው። ወንድሙ የሚለው ጓደኛው እዚያ ይሠራል። ቀጠሮ ይያዝላችሁ? አለ።

«የምን ቀጠሮ?» አልኩ።

«የእራት» አለችኝ እታገኝ።

«ለእራት ቀጠሮ? ጥርሴን ሊነቅሉኝ ነው?»

«ና እንሂድ፣ አንተ ሰውዬ። አንድ ቀን አብረን ቁጭ እንበል።»

«አልሄድም።»

«እሺ፣ ለኔ ስትል።»

«አልሄድም አልኩ።»

አልሄድም ያልኩትን ደግሞ አልሄድም። ከዚያች ቃል መውረድ ከመርከቡ ከመውረድ ይከብደኛል። ቀሚሷን ለብሳ ብቻዋን ሄደች። እኔ ትልቁ አዳራሽ ውስጥ ከማላውቃቸው ሰዎች ጋር ተቀምጬ ጎማ ሥጋ አኘክሁ። ስኳሬን ረስቼ ለአይስክሬም ብነሳ ማሽኑ ላይ ወረቀት ለጥፈዋል። ተበላሽቷል ማለት ነው፤ ያንን ለማንበብ ትምህርት አያስፈልገውም።

እታገኝ ስትመለስ ፊቷ በርቷል። «ወንበሬን ጎተቱልኝ። ጨርቁን ጭኔ ላይ አነጠፉልኝ። ያንን የባሕር ጊንጥ የመሰለውን አመጡ፤ እሱን አልነካም አልኳቸው፤ ሥጋ ቀየሩልኝ። ጠገብኩ ብል ልጁ አልሰማኝም። አንድ ጉርሻ፣ አንድ ጉርሻ እያለ ጨረስኩት!»

«ሳህኑን?»

«ሳህኑን!» አለች፤ አፏን በእጇ ሸፈነች።

በሚቀጥለውም ማታ ሄደች። ዋያን ሥራውን አስፈቅዶ መጥቶ ኬኩን በገዛ እጁ አቀረበላት፤ ፎቶ አንሺ አነሳትና ፎቶውን ፍሬም አደረጉላት። እኔ ያን ማታም ጎማዬን አኘክሁ።

አሁን የመጨረሻው ጠዋት ነው። መርከቡ ጋልቬስተን ቆሟል። እታገኝ ሻንጣ ስትዘጋ እኔ ታች ሪሰፕሽን ወረድኩ። እዚያም ሰልፍ አለ፤ ተሰለፍኩ። ለእህል አልሰለፍም እንጂ ለአቤቱታ ዕድሜዬን ሙሉ እሰለፋለሁ። ሐሳቤ ልጃችን የከፈለችው ገንዘብ እንዲመለስ ነው። ስፖንጁ አለ፣ አይስክሬሙ አለ፣ ፎጣው አለ። ዋናው ግን የመጀመሪያው ማታ ነው፤ ሚስቴ ተርባ አድራለች። ለዚህ ለዚህ አላመጣኋትም።

ባንኮኒው ጀርባ ያለችው ልጅ ቅንድቧን በእርሳስ የሠራች ናት።

«ኤግ፣ ኖ ጉድ» አልኳት። «አይስክሬም፣ ብሮክን። ማይ ዋይፍ፣ ሃንግሪ። ኖ ኢት። ናቲንግ!»

አዘነችልኝ። የክፍል ቁጥር ጠየቀችኝ፤ ኮምፒውተሩን መታ መታ አደረገችና ቅንድቧ ወደ ላይ ሄደ። የኮምፒውተሩን ፊት ወደ እኔ አዞረችው። እስከ ታች ድረስ የእታገኝ ስም ነው። ሥጋ። ደግሞ ሥጋ። ጭማቂ፣ ጭማቂ፣ ማንጎ፣ ኬክ፣ ጭማቂ። ፎቶ። ፍሬም። እየጠቆመች አንድ በአንድ አነበበችልኝ፤ ኋላዬ የተሰለፈው ሁሉ ሰማ። ምንም አልበላችም ያልኳት ሴት መርከቡን በልታዋለች! ድምሩን አልጽፍላችሁም። እጄ አይታዘዝልኝም።

«ኢንክሉድድ!» አልኩ። «ማይ ዶተር ሜሮን ቶልድ ሚ! ኦል ኢንክሉድድ!»

ያ ሌላ ነው፣ ይሄ ሌላ ነው አለች። ሁሉም ተፈርሞበታል አለች። እንዴት ረጋ ብላ እንደምትናገር! አነጋገሯ የሆነ ቦታ የማውቀው መሰለኝ። የት ነው ስል፣ ለካ የኔው ነው። ያቺ የመስታወት ሳጥን ውስጥ ያለሁት እኔ። ሎስት ቲኬት፣ ፉል ዴይ።

ያኔ ገባኝ። ነፃው ምግብ አይለምንም። ጥሩውን ነገር ሁሉ ከበር ጀርባ አስገብተውታል፤ ወንበር መጎተቱንም፣ ፈገግታውንም፣ «ማማ»ውንም፤ በሩ ላይ ዋጋ አለ። የኛ ሰው ደግሞ አንዴ ከለመኑት እንቢ ማለት አይችልም! የእታገኝን ጨዋነት በካርድ ነካ ነካ አደረጉት። ደሜ ፈላ።

«ዋያን!» አልኩ። «ዋያን ቺት! ቺት ማይ ዋይፍ!»

ልጅቷ ፊቷ ተለወጠ። ሠራተኛው ዋጋ እንዳለው አልነገራትም? አለችኝ። ስሙን ድገምልኝ? ብዕር አነሳች። ስልኩንም ሳብ አደረገች። እኔም «ደብልዩ» ማለት ልጀምር ስል፣

«ተው!»

እታገኝ ናት። ሻንጣ እየጎተተች፣ ፍሬሟን ብብቷ ሥር ይዛ።

«አትናገር። ልጁን ሊያባርሩት ነው።»

«ያባርሩት! አታሎሻል!»

«ማን ነው ያታለለኝ?»

«ይሄ ሁሉ በገንዘብ ነው፣ እታገኝ! የጠጣሽው፣ የበላሽው፣ ልመናው ራሱ!»

«አውቃለሁ።»

«ምኑን ነው የምታውቂው?»

«ገንዘብ መሆኑን። ከመጀመሪያው ብርጭቆ ጀምሬ። ወረቀቱ ላይ ዋጋው አለ፤ እኔ ማንበብ እችላለሁ እኮ።» ዝቅ ባለ ድምፅ ነው የምትናገረው። «ከጡረታዬ ነው የምከፍለው። ያንተን አልነካሁም።»

ልጅቷ ብዕሯን ይዛ እኛን ታያለች። ኋላዬ ያለው ሰልፍ ይተነፍሳል።

«እያወቅሽ?» አልኩ። «ሰውየው እኮ ሥራው ነው! ለመሸጥ ነው ማማ የሚልሽ!»

«የኔስ ሥራዬ አልነበረም?» አለች። «ያቺን አሮጊት ፎር ሚ ስላት ደመወዝ አልነበረኝም? ታዲያ ውሸቴን ነበር?»

ገና አልጨረሰችም።

«አንተስ ያለ ደመወዝ ስንቴ ብዪ ብለኸኛል?»

ያን ያህል ሰው ፊት። አማርኛ አይሰሙም እንጂ ፊቴን አይተው ተረድተዋል። ልጅቷ «ስሙን?» አለችኝ ደግማ። እታገኝ አየችኝ። እኔ ያልኩትን የማልቀይር ሰው ነኝ፤ ታውቃላችሁ። ጉሮሮዬን ጠረግሁ።

«ኖ ኔም» አልኩ። «ኦንሊ ኤግ።»

እንቁላል ብላ ጻፈች። «ሃቭ ኤ ናይስ ዴይ» አለችኝ።

ካምሪው ውስጥ ገብተን ሂውስተንን አለፍን። እታገኝ ፍሬሟን ጭኗ ላይ አድርጋለች። አሻግሬ አየሁት። እሷ ተቀምጣለች፤ ጭኗ ላይ ነጭ ጨርቅ፤ ከጎን የሰው እጅ ሳህን ያቀርብላታል። እጁ ብቻ ነው የሚታየው። እሷ ደግሞ እጁን አይደለም የምታየው፤ ከፎቶው ውጭ ያለ ሰው ላይ ትስቃለች።

ኮርሲካና ስንደርስ ቤንዚን ልቅዳ ብዬ ወጣሁ። ቤንዚን ቀድቼ ገባሁና ትኩስ ዶሮ ገዛሁ፤ ተሰልፌ። አዎ፣ ተሰለፍኩ፤ ለማንም እንዳታወሩ። መጥቼ ካርቶኑን ከፍቼ በሷ በኩል አስቀመጥኩ።

«ብዪ» አልኳት።

«በልቻለሁ።»

ሞተሩን አስነሳሁ። ትንሽ ነዳሁ።

«ይቀዘቅዛል» አልኩ።

«ይሄ ልመና ነው?»

«ምንድን ነው ታዲያ?»

«የአየር ሁኔታ ነው።»

መሪውን ጨበጥኩ። በጎኔ አንድ ትልቅ ጭነት መኪና ሲያልፍ ጠብቄ፣ በድምፁ ተከልዬ «በሞቴ» አልኩ።

«አልፈልግም፣ እግዜር ይስጥልኝ» አለች፤ አንገቷን ሰበር አድርጋ፣ ልክ በወጉ።

«አፈር ስሆን።»

«ዋያን በርከክ ይል ነበር።»

«መኪና እየነዳሁ ነው፣ ሴትዮ!»

መስኮቱን አየች። እኔም እንቢ አለችኝ ብዬ ተውኩት። ሰውን የሚለምን ሰው ምን ያህል እንደሚዋረድ እስከዚያ ቀን አላውቅም ነበር፤ እሷ ዕድሜዋን ሙሉ እንዴት እንደቻለችው እንጃ። ኤኒስን ካለፍን በኋላ የመኪናውን መብራት ብልጭ ድርግም አደረግሁና መንገድ ዳር ወጥቼ ቆምኩ። ዞርኩ። አንዲት የዶሮ ጭን በጣቴ ይዤ አፏ ድረስ አደረስኩ። ምንም አላልኩም፤ እጄ ግን አልመለስም አለ። ክንዴ እስኪዝል።

አፏን ከፈተች። ዶሮው በርዶ ነበር። አጥንቱ እስኪቀር በላችው፤ ሳህን ቢኖር ኖሮ ሳህኑንም።

ከዚያ ጣቷን ጠረገችና ካርቶኑን ወደኔ ገፋ አደረገችው።

«ብላ» አለችኝ።

አንዴ ብቻ ነው ያለችኝ። እኔ መቼም ሁለተኛ አስብዬ አላውቅም።